የት ልድፋው?

ባለፈው ስለ ሽንኩርት ችግኝ እንቀጥላለን ብዬ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝና እሱ ለሳምንት ይቆየን፤ ዛሬ ስለ ቆሻሻ ላውራችሁ። "ቆሻሻ የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ እንጂ የገበሬ ነው እንዴ?" እንዳትሉኝ። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

የምሠራበት ቀበሌ ከከተማ ጥግ ነው። ከተማውንና ማሳችንን የሚለየው አንድ ወንዝ ነው። በበጋ ከእሱ ውሃ እየሳብን ሽንኩርትና ቲማቲም እናለማለን። ገበያ በዋለ ማግሥት ጠዋት ገደሉ አፍ ላይ ብትቆሙ ማታ የተደፋው ሁሉ ይታያችኋል፦ ፌስታል፣ የሆቴል ትራፊ፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ የዶሮ ላባ፣ ዳይፐር። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ጠርጎ ወደ እኛ ያወርደዋል። ግማሹ ቦያችንን ይደፍናል፣ ግማሹ ማሳ ላይ ይቀራል። ስናርስ ማረሻው ፌስታል እየጎተተ ይወጣል።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ አንዲት እናት አስጠሩኝ። ያለቻቸው አንዲት የምትታለብ ላም ናት። ሦስት ቀን መኖ አልቀመሰችም፣ አታመሰኳም፣ የግራ ጎኗ ተነፍቷል። የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ጠራሁት፤ መጥቶ የሚችለውን ሁሉ አደረገ። በማግሥቱ ሞተች። ስትከፈት ጨጓራዋ ውስጥ የተገኘው እንደ ኳስ የተጠቀጠቀ ፌስታልና የማዳበሪያ ክር ነው። ባለሙያው በሁለት እጁ ነው ያወጣው። ፌስታሉ የምግብ ትራፊ ስለሚሸት ከብቷ ትውጠዋለች፤ ሆድ ውስጥ ግን አይፈጭም፣ እንደ ልብም አይወጣም። ጥቂት በጥቂት እየተጠራቀመ ሣር የሚገባበትን ቦታ ይይዛል።

እናትየዋ አላለቀሱም። "ልጄ፣ ለዚህ ሕግ የለውም ወይ?" ብቻ አሉኝ።

ሕግማ አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጋም ግዴታ ነው ይላል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከወጣ ቆየ፤ ሕዝቡና ዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቆሻሻ አያያዝ ዕቅድ እንዲሳተፉ ያዝዝ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ጸድቆ ፌስታልን ከልክሏል። ይሄን ሁሉ ለእናትየዋ ነገርኳቸውና ይዣቸው ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ።

"ማን እንደደፋው ያውቃሉ? ምስክር አለዎት?" ተባሉ። በሌሊት ለሚደፋ ነገር ምስክር ከየት ይመጣል? ባዶ እጃችንን ተመለስን።

በሳምንቱ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። እኔ ተናድጄ ስለነበር ተነሥቼ የከተማውን ሰው አንድ በአንድ ከሰስኩ፤ አዋጁንም በቁጥሩ ጠቀስኩ። ተጨበጨበልኝ። ጭብጨባው ሳይበርድ አንድ አዛውንት ከኋላ ተነሡ። ከጋቢያቸው ሥር ሦስት ባዶ የጸረ-ተባይ ጠርሙስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ።

"ልጄ፣ የተናገርከው ደግ ነው። እኔ ግን እኒህን ያገኘኋቸው ከሠርቶ ማሳያው ሥር፣ ምንጩ አጠገብ ነው። እኒህንስ የከተማ ሰው ነው የጣላቸው?"

የኔ ነበሩ። ቲማቲም ላይ የርጭት አሠራር ያሳየሁ ዕለት መሽቶብኝ፣ "ነገ አነሣቸዋለሁ" ብዬ ቁጥቋጦ ሥር ትቻቸው ሄድኩ። ነገ የተባለው ሳይመጣ ወር አለፈ። ባዶ የመድኃኒት ዕቃ እንዴት እንደሚያዝ ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይም ጽፌዋለሁ። ከምንጩ የሚቀዱ ሕፃናት አሉ። የምለው ጠፋኝና "ጥፋቱ የኔ ነው" ብዬ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ መልክ የያዘው። ገደሉን በተራ ለመጠበቅ ተስማማን። በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት ላይ አንድ ጋሪ የሚነዳ ልጅ ተያዘ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። አንዳንዱ ፈረሱ ይያዝ አለ፣ አንዳንዱ ልጁ ይታሰር አለ። ልጁ እየተንቀጠቀጠ "ከፍለውኝ ነው። እሺ፣ እዚህ አልደፋም፤ ታዲያ የት ልድፋው? ቦታውን አሳዩኝና እዚያ ልድፋ" አለ።

ሁላችንም ዝም አልን። በኛ በኩል ባለው የከተማው ጫፍ "እዚህ ይደፋ" የተባለ ቦታ አልነበረም።

እስቲ የልቅ ግጦሽን ደንብ አስቡት። በቀበሌያችን የሚከበረው ለምንድን ነው? የተከለለው ተራራ ይታወቃል፣ ጠባቂው ይታወቃል፣ ቅጣቱ ይታወቃል፣ መኖው ደግሞ ታጭዶ የሚወሰድበት ቀን አለ። "አታግጥ" ብቻ ብንል ኖሮ ማንም አይሰማንም ነበር። የቆሻሻ ሕግም እንደዚያው ነው። "አትጣል" የሚለው ቃል "እዚህ ጣል" ከሚለው ጋር ካልመጣ፣ ሰው ቆሻሻውን በሌሊት ይደፋዋል እንጂ አይተወውም።

ስለዚህ ወደ ቢሮው ተመልሰን ስንሄድ "ማን ደፋ?" አላልንም፤ "የት ይደፋ?" ነው ያልነው። ከወንዙ የራቀ ቦታ ተለየ። ጋሪ ነጂዎቹ ገበያ በዋለ ማግሥት ወደዚያ ይወስዳሉ። እኛም መተዳደሪያ ደንብ ጻፍን፦ ገደሉ ላይ የደፋ መጀመሪያ የደፋውን ራሱ ያነሣል፣ ከደገመ በገንዘብ ይቀጣል። በደንቡ መጀመሪያ የተቀጣሁት እኔ ነኝ። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ከምንጩ ዙሪያ ስለቅም ሁለት ማዳበሪያ ሞላሁ። ሁሉም የኔ አልነበረም፣ ግን ለቀምኩት።

ሁሉም ተስተካክሏል ብዬ አልዋሻችሁም። ቦታው ገና አልታጠረም፣ አልፎ አልፎም ገደሉ ላይ ይደፋል። የእናትየዋን ላም የተካላቸውም የለም። እሳቸው ግን ዛሬ ከጥበቃ ኮሚቴው አንዷ ናቸው፣ ተራቸውን አንድ ቀን አሳልፈው አያውቁም።

አሁን ወደ ሥራችን እንግባ። ከዛሬ ጀምሮ እነዚህን አድርጉ፦

1. የመድኃኒት ዕቃ ባዶ ሲሆን እዚያው ሦስት ጊዜ አለቅልቁት። ሩብ ያህል ውሃ ጨምሩ፣ ክደኑ፣ በደንብ ናጡ፣ እጣቢውን መርጫው ውስጥ መልሱትና ማሳው ላይ እርጩት። ከዚያ ዕቃውን ብሱት። ያልተበሳ ጄሪካን ነገ የውሃ ወይም የጠላ መቅጃ ይሆናል፤ በእጣቢ ብቻ መርዙ አይለቅም።

2. የተበሳውን አታቃጥሉ፣ ወንዝ አትጣሉ፣ ጓሮም አትቅበሩ። ልጅና ከብት የማይደርስበት ቦታ በማዳበሪያ አጠራቅማችሁ ለቀበሌያችሁ ባለሙያ ንገሩ። አሰባስቦ ለወረዳ ማሳወቅ የኛ ሥራ ነው።

3. የወጥ ቤት ትራፊ፣ አመድ፣ ገለባና ፍግ ቆሻሻ አይደለም፣ ኮምፖስት ነው። ፌስታል፣ ጠርሙስና ባትሪ ግን ለይታችሁ አውጡ። የከተማ ቆሻሻ ሳይለይ ማሳ ላይ መበተን ስብርባሪና መርዝ መዝራት ነው።

4. ከብት መኖ ስትቀንስ፣ ሳታመሰኳ ስትውልና የግራ ጎኗ ሲነፋ "ነገ ይሻላታል" አትበሉ። የዚያኑ ዕለት ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዱ። ፌስታል ሆድ ውስጥ ከተጠራቀመ የሚፈታ ኪኒን የለም፤ ቶሎ ከተደረሰበት ግን ባለሙያው በቀዶ ጥገና ሊያወጣው የሚችልበት ጊዜ አለ።

5. በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ እጃችሁን አውጡና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "በኛ ቀበሌ ቆሻሻ የሚደፋበት ቦታ የቱ ነው?" መልስ ከሌለ፣ ደንባችሁ ከዚያ ይጀምር።

እኔን ቁጥቋጦ ሥር ያስቀመጥኳችሁ ጠርሙስ ካለ አሳዩኝ፤ አልቆጣም። በሚቀጥለው ሳምንት በሽንኩርቱ እንገናኝ። ሰላም ቆዩ።