ድምፅና አቤቱታ በጎጃም

በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ ግብር አልከፍልም ብሎ ሸፈተ ሲባል ስሰማ፥ ነገሩ ግማሹ የቀረ ታሪክ ይመስለኛል። ከመሸፈቱ አስቀድሞ መርጦ ነበር፤ አቤትም ብሎ ነበርና።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎቹን እንዲመርጥ ፈቀደ። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅም በ1960 ዓ.ም. የወጣው በዚሁ ምክር ቤት በኩል ነው። ገማቾች በመጡ ጊዜ ግን ገበሬው ርስቴ ተለክቶ ሊወሰድ ነው ብሎ ሠጋ፤ ሽማግሌዎቹም አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ጮኹ። ሰሚ ባጡ ጊዜ በሞጣ፥ በቢቸናና በዳሞት ጠመንጃ ተነሣ፤ መንግሥትም ጦርና አውሮፕላን ላከ። ደም ከፈሰሰ በኋላ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ለሕዝቡ ተማረለት። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በድምፅና በአቤቱታ ያልተገኘው በጥይት ተገኘ ማለት ነው። ይህን ክፉ ትምህርት ያስተማረው ራሱ መንግሥት ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የአማራ ክልል ሕዝብ ደግሞ ተሰልፎ መረጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ የፋኖ ታጣቂዎችና የመከላከያ ሠራዊት ተዋጉ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ነሐሴ 7 ቀንም በፍኖተ ሰላም (የስሟን ትርጓሜ ለካህናት መንገር አያሻም) ከአየር በወረደ ጥቃት ከ20 የሚበልጡ ሰዎች እንዳለቁ ተነገረ።

የምርጫው ሕግ ይሻሻል የሚሉ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው፤ መልካም ነው። እኔ ግን የተመረጠው ሰው ወደ መረጠው አጥቢያ እየተመለሰ ጆሮውን እንዲሰጥ የሚያስገድድ ሥርዓት ይቅደም እላለሁ። በቡሬ ገጠር አንድ አባት «የመረጥሁትን ሰው የማውቀው በወረቀቱ ላይ በነበረው ምልክት ነው» አሉኝ። ምልክቱ ምን እንደ ነበረ ብጠይቃቸው ረስተውታል።