ፊደሉ «ሲ» ውስጥ ነው
ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ የሁሉም መድኃኒት አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ!» እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ካበቃ ወዲህማ ብሶበታል። የእኛንም ይዘን ስንሄድ ጠጋኙ «ጽሑፋችሁ ‹ዲ› ላይ ነው፤ ‹ሲ› ቢጠፋ ምን ቸገራችሁ?» አለን።

ይቸግረናል እንጂ! ከአንድ ጡረተኛ ጋዜጠኛ የተረከብናቸው ቃለ መጠይቆች አሉን። ከተጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ጽሑፎቹ የተተየቡት በቀድሞው ቪዥዋል ግዕዝ፣ ዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ የቀደሙት ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላትና በምልክቶች ቦታ ነበር የሚያስቀምጡት። ስለዚህ ጽሑፉ «ዲ» ላይ ቢተርፍም ፊደሉ ያለው «ሲ» ላይ፣ የዊንዶውስ «ፎንትስ» ፎልደር ውስጥ ነው። ፎንቱ ከሌለ ቃለ መጠይቁ ትርጉም የለሽ የላቲን ዝባዝንኬ ሆኖ ይከፈታል።

እናም መጀመሪያ የሲስተሙን ሙሉ ቅጂ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ያዝን። እዚያው «ዲ» ላይ ማስቀመጥማ ዲስኩ የሞተ ዕለት አብሮ መቀበር ነው። ፎንቶቹን ለብቻ ገልብጠን፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጭነን፣ ጽሑፉ መነበቡን አየን። ከዚያ በኋላ «በል አጥፋው» አልነው።

እናንተም ቤት ወላጅ በድሮ ፎንት የጻፈው ነገር ካለ፣ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ፊደሉን አውጡ። ዊንዶውሱን ማንም መልሶ ይጭንላችኋል።