የሸክላው ድምፅ ለምን ቀጠነ?

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚለው ምሳሌ ለፍርድ አደባባይ ብቻ ሳይሆን ለቤት ዕቃ ግዢም የሚጠቅም መሆኑን እኛ በገዛ ስሕተታችን ስለ ተማርነው፥ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጸው ወደድን።

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ፥ በሸኮ ቡና መካከል በሚገኘው ቤታችን፥ ሟቹ አባታችን ከአዲስ አበባ ያመጧቸው ጥቂት ሸክላዎች በሣጥን ተቀምጠው ይኖሩ ነበር። እነዚህም፥ አቶ አምሃ እሸቴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. የሸክላ ማሳተም ሥራቸውን ከጀመሩ ወዲህ፥ ካሴት እስኪተካቸው ድረስ በየሙዚቃ ቤቱ ይሸጡ ከነበሩት፥ በደቂቃ 45 ጊዜ ከሚዞሩት ትንንሽ ሸክላዎች ወገን ናቸው። ከሁሉም ይልቅ እናታችን የሚወዱት አንድ የጥላሁን ገሠሠ ሸክላ ነበር፤ እርሱንም አባታችን በሠርጋቸው ዓመት የገዙላቸው ነው።

የአባታችን ማጫወቻ ተሰብሮ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ወንድማችን ከውጭ አገር አዲስ ማጫወቻ ላከልን። ደስ ብሎን ከቴፓችን ጋራ አገናኝተን ብናሰማ፥ ድምፁ እንደ ትንኝ የቀጠነ ሆነ። እናታችንም ጥቂት ካዳመጡ በኋላ «ልጆቼ፥ ይህ የጥላሁን ድምፅ አይደለም፤ አጥንቱ ወጥቷል» አሉን። እኛ ግን፥ ዛሬ ስንጽፈው ያሳፍረናል፥ «እማማ፥ ጆሮዎ ደክሞ ይሆናል» ብለን መለስንላቸው። እሳቸውም ዝም ብለው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ከዚያም ወዲያ ሸክላው ይጫወት ብለው አልጠየቁም።

በዚህ ጊዜ ለልጆቻችን ትምህርት ካስቀመጥነው የቡና ገንዘብ አውጥተን ትልቅ ማጉያ ለመግዛት ተመካከርን። ዳሩ ግን ከመግዛታችን በፊት ሚዛን ያለ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ብናማክር፥ «መርፌው በማግኔት ነው የሚሠራው ወይስ እንደ አሮጌው በክሪስታል?» ሲል ጠየቀን፤ ነገሩንም እንዲህ አስረዳን።

ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ፥ ቀጭኑ ከፍ ተደርጎ ይጻፋል። ወፍራሙ እንዳለ ቢጻፍ መሥመሩ እጅግ ስለሚሰፋ፥ ሸክላው የሚይዘው ዘፈን ያንሳል፤ መርፌውም ይዘላል። የቅነሳውም መጠን በ1954 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ የሸክላ አሳታሚዎች ማኅበር ከተወሰነ ወዲህ ሌላውም ዓለም ተቀብሎታል። ስለዚህ ሲጫወት የተቀነሰውን የሚመልስ፥ ከፍ ያለውንም ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ ያስፈልጋል። ደግሞም ባለ ማግኔት መርፌ የሚሰጠው ኀይል 5 ሚሊቮልት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ 100 ጊዜ ያህል መጉላት አለበት። እነዚህን ሁለት ሥራዎች የሚሠራው ትንሽ ሣጥን ፎኖ ፕሪአምፕ ይባላል። የአባታችን ማጫወቻ ግን ብዙ ኀይል የሚሰጥ የክሪስታል መርፌ ስለ ነበረው ያለዚህ ሣጥን ይዘፍን ነበር።

እንግዲህ ምርጫው ቀላል ሆነ። አስቀድመን በማጫወቻው ጀርባ «ፎኖ» እና «ላይን» የሚል መቀየሪያ መኖሩን አየን፤ ቢኖር ኖሮ ሣጥኑ በውስጡ አለና ሌላ መግዛት ባላስፈለገንም ነበር። ቀጥሎ ሣጥኑ ለባለ ማግኔት መርፌ የተሠራ፥ የኤሌክትሪክ መስጫውም ለ220 ቮልት የሚሆን እንዲሆን ወሰንን። ከርካሾቹ ሁለት ቀረቡልን፤ አንዱ ማስተካከያ የሌለው ቤህሪንገር ፒፒ 400፥ ሁለተኛው የድምፅ መጠን ማስተካከያ ያለው አርት ዲጄ ፕሪ 2 ናቸው። ሁለተኛው ከተጣመመ ሸክላ የሚመጣውን መንቀጥቀጥ የሚቀንስ ማጣሪያ አለው፤ የእኛ ሸክላዎች ግን ቀጥ ያሉ ስለ ሆኑ የመጀመሪያውን መረጥን። የማጫወቻውን የመሬት ሽቦ ማሰር እንዳይዘነጋ እንመክራለን፤ ካልታሰረ ድምፁ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። በእኛ አገር ዝናብ ብዙ ነውና ሸክላውን ከሻጋታ መጠበቅም ያስፈልጋል።

ሣጥኑ በመጣ ማታ እናታችንን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጠን ያንኑ ሸክላ አሰማናቸው። ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ አልተናገሩም፤ በመጨረሻ «አሁን አጥንቱ ተመለሰ» አሉን። እኛም ጕልበታቸውን ስመን ይቅርታ ጠየቅናቸው። የልጆቻችን የትምህርት ገንዘብ ከጥቂቱ በቀር ተረፈ፤ የእናታችንም ጆሮ ከሁላችን ጆሮ የተሻለ መሆኑ ታወቀ።