ቤት ሠሪ ፀሐይን ይጠይቅ

አንባቢ ሆይ፤ ኤምባሲ ማለት በሰው አገር የተተከለ የራስ ቤት ነው። እንግዳ ከሰው ቤት ሲገባ አለባበሱና አነጋገሩ ጠባዩን እንደሚያስታውቅ ሁሉ፥ የኤምባሲ ሕንጻም ገና በሩ ሳይከፈት ስለ ላከው መንግሥት ይናገራል። ስለዚህ በሕንድ ዋና ከተማ በኒው ዴልሂ ስላለው የአሜሪካ ኤምባሲ ጥቂት ላጫውትዎ።

ሕንጻውን ያቀደው ኤድዋርድ ዱሬል ስቶን የሚባል አሜሪካዊ አርክቴክት ነው። ፕላኑን በ1954 እ.ኤ.አ. ነደፈ፤ ሕንጻውም በ1959 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። ዴልሂ በሙቀቱ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ የምትግል ከተማ ናት። በዚያን ጊዜ በኒው ዮርክ ይደነቅ የነበረውን የመስተዋት ሣጥን እንዳለ ወስዶ እዚያ ቢያቆመው ኖሮ፥ በውስጡ የሚሠራው ሰው እንደ ዳቦ በበሰለ ነበር።

ስቶን ግን አስቀድሞ የባላገሩን ሥራ ተመለከተ። የሕንድ ጠራቢዎች ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ድንጋዩን እንደ ወንፊት እየፈለፈሉ «ጃሊ» የሚባል መከለያ ይሠሩ ነበር፤ በአግራ ከተማ በታጅ ማሃልም ይገኛል። ስቶን በመስተዋቱ ግድግዳ ፊት እንዲሁ ቀዳዳው የበዛ ነጭ መከለያ አቆመ። ጣራውን ከግድግዳው አሳልፎ ዘርግቶ በቀጫጭን ዓምዶች ደገፈው፤ በመካከሉም የውሃ ገንዳና አትክልት ያለበት ግቢ አደረገ። ስለዚህ ፀሐይ መስተዋቱ ላይ ሳትደርስ ኃይሏ ይሰበራል።

የሚገርመው፥ ይኸው ሰው በ1956 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ከተማ የገዛ ቤቱን ፊት በዚሁ ዓይነት መከለያ ሸፈነው። የዴልሂ ፀሐይ እዚያ የለችም። በዴልሂ ምክንያት የነበረው ነገር በኒው ዮርክ ጌጥ ሆነ።

እኔ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን «ዘመናዊ ቤት ሣሉ» ብላቸው፥ ብዙዎቹ ከላይ እስከ ታች መስተዋት የለበሰ ፎቅ ሣሉልኝ። አልፈርድባቸውም፤ በአዲስ አበባ በየመንገዱ የሚያዩት ይኸንኑ ነው። ከእነዚህ ሕንጻዎች ወደ አንዱ ለጉዳይ ብገባ፥ ሠራተኞቹ የከሰዓቱን ፀሐይ ለመከላከል መስተዋቱ ላይ ጋዜጣ ለጥፈው፥ በቀትር መብራት አብርተው ይሠራሉ። ብርሃን ያስገባል ተብሎ በውድ የተገዛውን መስተዋት መልሶ በጋዜጣ መድፈን ምን ይባላል?

መድኃኒቱ ጃሊን ከሕንድ ማስመጣት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ደጋ ናት፤ በማለዳ ብርዱ ፀሐይን ያስናፍቃል። ከስቶን የምንወስደው ጥያቄውን ነው፦ ፀሐይ በየት በኩል ትገባለች? ዝናቡስ ከየት ይመታል? ያገሩ ሰው እስከ ዛሬ እንዴት ኖረበት?

ዛሬ ተማሪ ወይም ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆኑ፥ ነገ የአንድ መሥሪያ ቤት ፕላን በፊትዎ ይዘረጋ ይሆናል። በዚያን ቀን ፎቁ ስንት እንደሆነ ከመጠየቅዎ በፊት፥ መስኮቱ ወዴት እንደሚመለከት ይጠይቁ። ያን ጊዜ ጋዜጣውም ለንባብ ይተርፋል።