ሃምሳ አንደኛው ሰው

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል ያልተነገረበት የማኅበር ስብሰባ፣ ያልተጠቀሰበት የመዋጮ ቀን ጥቂት ነው። ብሂሉ እውነት ነው። ዳሩ ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ታምኖበታል፤ ይኸውም ከሃምሳዎቹ እያንዳንዱ ሰው ቢያንስ አንድ ሎሚ በእጁ እንዳለው ነው። ሎሚ የሌለው ሃምሳ አንደኛ ሰው ቢመጣ በየትኛው ወገን እንደሚቆም ብሂሉ አይናገርም። ስለ መረዳዳት፣ ስለ መዋጮና ስለ በጎ ፈቃድ ሥራ በሚወራበት ጊዜ ሁሉ መነሣት የሚገባው ጥያቄ ግን ይኸው ነው። ጥያቄውንም ከረቂቅ ሐሳብ አውርዶ በአንድ ሥፍራ ኑሮ ላይ መመርመር ይበጃል። ለዚህም ቦዲቲ ተስማሚ ሆና ትገኛለች።

ቦዲቲ ከሻሸመኔ ተነሥቶ በሃላባና በሾኔ አድርጎ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚዘልቀው የአስፋልት መንገድ ላይ፣ ከሶዶ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በዳሞት ጋሌ ምድር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዙሪያዋን የከበባት ገጠር በኢትዮጵያ ውስጥ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሰፈረባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ከጎጆው ጓሮ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡናና ጎመን፣ ከዚያ ወዲያ ጎደሬ፣ ስኳር ድንችና በቆሎ ይታያል፤ ይህ ሁሉ ግን የሚበቅለው ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሄክታር በማይበልጥ ይዞታ ላይ ነው። የበልጉ ዝናብ የቀረ እንደሆነ፣ ስኳር ድንቹም ሳይይዝ የቀረ እንደሆነ፣ ማሳው ለምለም መስሎ እየታየ ቤቱ ይራባል። «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለው ይኸው ነው። እንዲህ ባለው ሥፍራ ኅብረት ለስብሰባ ማድመቂያ የሚነገር ቃል ሊሆን አይችልም፤ ሰው በየዕለቱ የሚያርስበት፣ የሚበላበትና የሚቀበርበት ሥርዓት ነው።

የዚህ ሥርዓት ዓመት የሚጀምረው በጊፋታ ነው። ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባሉት ቀናት ውስጥ በሚውለው እሑድ የሚከበር የወላይታ ዘመን መለወጫ ሲሆን፣ ዝግጅቱ ግን ወራትን ይፈጃል። ወንዶች በጉርብትና ወይም በሥራ ጓደኝነት ተሰባስበው ለበሬ መግዣ የሚሆነውን ገንዘብ ጥቂት በጥቂት ያጠራቅማሉ። ሴቶች በበኩላቸው ለቅቤው ይማኸራሉ፤ ሙቹዋውና ባጪራው ያለ ቅቤ አይሆንምና። በዓሉ ሲደርስ በሬው ይታረዳል፣ ሥጋው በእኩል መደብ ይከፈላል፣ ዳጣው ይቀርባል፣ ወጣቱም «ሃያያ ሌኬ» እያለ አደባባይ ይወጣል። ከዚህም በላይ ጊፋታ የሒሳብ መዝጊያ ነው። ያለፈው ዓመት ዕዳ ይከፈላል፤ የተጣላ በሽማግሌ ይታረቃል። ዕዳና ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር ነውር ነው።

እንግዲህ በዓሉን የሚያቆመው ቁጠባው መሆኑ ግልጽ ነው። አንድ ሰው ብቻውን በሬ ሊገዛ አይችልም፤ ሁሉም በጋራ ይገዛሉ። የዚሁ ሐሳብ መልክ በሥራውም ዓለም ይገኛል። በወላይታ ገበሬ ዘንድ «ኮታ» የሚባል ልማድ አለ፤ በዚህም መሠረት አንዲት ላም ወይም አንድ በሬ የሁለት ቤት ንብረት ሊሆን ይችላል። «ሃራ» በሚባለው ልማድ ደግሞ ከብት የሌለው ሰው የሌላውን ከብት ተቀብሎ እየቀለበ ከሚገኘው ጥቅም ድርሻውን ይወስዳል። ማሳ ሲታረስ ወይም ቤት ሲሠራ ጎረቤት ተጠራርቶ በደቦ ይወጣል፤ ጉልበት በተራ እየተበዳደረም ሥራው ይሄዳል። በእነዚህ ልማዶች ሁሉ ውስጥ አንድ ጥብቅ ሕግ አለ፤ የተቀበለ ይመልሳል። ዛሬ የታረሰለት ነገ ያርሳል። የረዳም የተረዳም በአንድ ማዕድ እኩል ተቀምጠው የሚበሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

እድርም የዚሁ ሕግ ልጅ ነው። እድር በዛሬ መልኩ በአዲስ አበባ የታየው በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ ሲሆን፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላ እየሰፋ ሄዶ ከትልቅ ከተማ እስከ ገጠር ቀበሌ ያልደረሰበት ሥፍራ የለም ለማለት ይቻላል። ዳኛ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ጸሐፊ አለው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ ተቆጥረው በአንድ ግምጃ ቤት ይቀመጣሉ። ሰው ሲሞት ጥሪው ይሰማል፤ አባላቱም ድንኳን ይተክላሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፣ ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣሉ። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው ይቀጣል። በአገሪቱ ካሉት የሕዝብ ተቋማት መካከል ሹመት ሳያስፈልገው፣ በጀትም ሳይለቀቅለት በየወሩ ሒሳቡን ለባለቤቶቹ የሚያቀርብ እንደ እድር ያለ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

የእድሩን መዝገብ የሚይዘው ጸሐፊ ብዙውን ጊዜ መምህር ነው። የመዝገቡ አሠራር ቀላል ነው፤ በግራ በኩል ስም፣ በስተቀኝ አሥራ ሁለት ሣጥን። ለአብነት ያህል ባሏ የሞተባትን አንዲት የቀን ሠራተኛ እናስብ። ባልዋ በሕይወት ሳለ ሣጥኖቹ ሁሉ ሞልተው ይታዩ ነበር። እርሱን እድሩ ቀበረው፤ ሥርዓቱም ሳይጓደል ተፈጸመ። በሚከተለው ዓመት ግን አንድ ሣጥን ባዶ ይሆናል፤ ቀጥሎም ሁለት። «በዚህ ወር አልሞላልኝም፣ መምህር፤ በሚመጣው አብሬ እከፍላለሁ» ትላለች። መምህሩ አንገቱን ይነቀንቃል። ደንቡ ግን በተከታታይ ያልከፈለ አባል ይሰረዛል ይላል፤ ደንቡን ያወጡትም ክፉ ሰዎች አይደሉም። አንዱ ሳይከፍል ከታለፈ ሌላውም ይከተላል፤ በመጨረሻም ድንኳኑ የሁሉም መሆኑ ይቀራል። መዝገቡ ለሃምሳዎቹ ሕይወት ጥብቅ መሆን አለበት። ሆኖም ጥብቅነቱ ሃምሳ አንደኛዋን ያወጣታል። ከቅቤው ማኅበር ትወጣለች፣ ከእድሩ ትወጣለች፣ በኋላም የሠፈሩ ሴቶች በሚሰበሰቡበት ጊዜ ሥራ እንዳለባት እያመካኘች ከቤቷ ትቀራለች። በችግር ላይ ያለው ዕፍረት ሰውን ከሰው የሚለየው እንዲህ ባለ አኳኋን፣ ድምፅ ሳያሰማ ነው።

ከእርስዋም ቀድሞ ከመዝገቡ ውጭ የቆየ ወገን አለ። በቀድሞው የወላይታ ማኅበራዊ ሥርዓት ጪናሻ እየተባሉ ይጠሩ የነበሩት ሸክላ ሠሪዎች ከሌላው ጋር በጋብቻ አይተሳሰሩም፣ በአንድ ማዕድም አይቆርሱም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን በራሱ ጉልበት ለሚያርስ ሰው ሁሉ ያለ ልዩነት ሲፈቅድ፣ ሸክላ ሠሪውም በሕግ ዓይን ባለ መሬት ለመሆን በቃ። በአዋጅ የማይሻር ነገር ግን አለ፤ እርሱም ከማን ጎን እንደሚቀመጡ የሚወስነው የልብ ልማድ ነው። የድግሱ ወጥ የሚሠራበት ድስት፣ ውኃው የሚቀዳበት እንስራ የእነዚሁ ሰዎች የእጅ ሥራ ነው። ሥራውን ወደ ድግሱ አስገብቶ ሠሪውን ከደጅ ማቆም ኅብረት የሚለውን ቃል ከሚያሳፍሩት ነገሮች ዋነኛው ነው።

ከጎረቤት መረዳዳት ጎን ለጎን በዚህ አገር ሌላ ባህል ያደገ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ይኸውም ሕዝብን ለሰፊ ዓላማ የሚጠራው የዘመቻና የበጎ ፈቃድ ባህል ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ዓለም ገናን በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ከወላይታ ሶዶ ለማገናኘት የተቋቋመው የመንገድ ሥራ ድርጅት ከሕዝቡ በተሰበሰበ መዋጮ ተንቀሳቅሷል። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ከ50 ሺህ በላይ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘምተዋል፤ የዘመቱት ሁሉ በፈቃዳቸው አልነበረም፤ የከፈሉትም ዋጋ ቀላል አልነበረም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተከፈተው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በመጀመሪያው ዙር ከተማረባቸው አምስት ቋንቋዎች አንዱን ወላይትኛ አደረገ። ቋንቋዎቹ እያደር 15 ደረሱ። ለዚህም ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ተሰጠ። ስሙን ያላነብ የነበረ ገበሬ የእድሩን መዝገብ ራሱ ገልጦ ሣጥኑን ለመመርመር የቻለው በእንዲህ ያለው ጥረት ነው።

ዛሬም ክረምት ሲገባ ተማሪዎች በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ስም ይወጣሉ። የአረጋውያንን ጣሪያ ይጠግናሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፣ ደም ይለግሳሉ፣ ታናናሾቻቸውን ያስጠናሉ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም በየትምህርት ቤቱ ባሉት ክበባት ለብዙ ወጣቶች የመጀመሪያው የአገልግሎት በር ሆኗል። እነዚህ ወጣቶች እድሩ ያልደረሰባትን ሴት ይደርሱባታል፤ መዋጮ ከፍላለች ወይ ብለው አይጠይቁምና። ጉድለታቸው በሌላ በኩል ነው። ጣሪያው ከተመታ በኋላ ቁጥሩ በሪፖርት ይገባል፤ መስከረም ሲጠባም ወጣቱ ወደ ትምህርቱ ይመለሳል። ሴትዮዋ የማያፈስ ቤት አግኝታለች፤ በቤቱ ውስጥ ግን አሁንም ብቻዋን ናት። የተደረገላትን የምትመልስበት መንገድ ስላልተሰጣት ማመስገን ብቻ ቀርቷታል። ሁልጊዜ የሚያመሰግን ሰው ደግሞ እያደር ከሌላው ዝቅ ብሎ መቀመጥን ይለምዳል።

እንግዲህ ሁለቱ ባህሎች እያንዳንዳቸው ግማሽ እውነት ይዘዋል። እድሩ ሰውን እኩል አድርጎ ያስቀምጣል፤ ሎሚ የሌለውን ግን ይተወዋል። ዘመቻው ሎሚ የሌለውን ይፈልጋል፤ እኩል አድርጎ ግን አያስቀምጠውም።

የሁለቱን መጋጠሚያ መከራ አንዳንድ ጊዜ በግልጽ ያሳያል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከወላይታ ጋር በአንድ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ በተጠቃለለው በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ከዝናብ በኋላ መሬት ተንዶ ሰዎችን ዋጠ። ጎረቤት ሁሉ እየሮጠ መጥቶ አፈሩን በመቆፈር ላይ ሳለ መሬቱ ዳግመኛ ተናደ፤ ሊያወጡ የመጡትንም ቀበረ። በዚያ አደጋ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። የሮጡት ሰዎች መዝገብ አልገለጡም፤ የተቀበረው ሰው መዋጮውን ከፍሎ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ሪፖርት ለማቅረብም አልሄዱም። ለእነርሱ ከአፈሩ በታች ያለው ሰው ጎረቤት መሆኑ በቂ ነበር። መዝገብ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ይህን የመጀመሪያ ስሜት በደህናው ቀን እንዳይረሳ ለማቆየት የተፈጠረ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ጎረቤትን ለመሰረዝ ሲውል የተፈጠረበትን ምክንያት ስቷል ማለት ነው።

የሚበጀውም ነገር ሩቅ አይደለም። እድሩ በደንቡ ውስጥ ገንዘብ ያጣ አባል በጉልበቱ እንዲከፍል የሚፈቅድ አንቀጽ ቢጨምር፣ ድንኳን የተከለ፣ ውኃ የቀዳ ወይም ዕቃ የጠበቀ ሰው ሣጥኑ እንደ ሌላው ይሞላለታል። ሸክላ ሠሪዋም ማሰሮዋን በመዋጮ ቆጥራ ከሌሎቹ ጎን ትቀመጣለች። የክረምቱ ወጣት በበኩሉ ጣሪያውን መትቶ ከመሄዱ በፊት የቤቱን ባለቤት ስም ወደ እድሩ ጸሐፊ ይዞ ይሂድ፤ ለችግኝና ለቆርቆሮ ከሚያሰባስበው ገንዘብም ጥቂቱን ለአንድ ዓመት የአባልነት መዋጮዋ ያውል። ይህ ሲሆን የሁለት ወር አገልግሎት የአሥራ ሁለት ወር ጎረቤት ትቶ ያልፋል። ይህን ለማስተማር ከመምህራን የተሻለ ማንም የለም፤ ብዕሩም መዝገቡም በእጃቸው ነውና።

ደራሲውና የቲያትር ሰውም ከዚህ ሥራ ነፃ አይደሉም። ስለ መረዳዳት በመድረክ የሚታዩ ብዙ ተውኔቶች የሚፈጸሙት ለጋሱ እጁን ሲዘረጋ፣ ተቀባዩም በእንባ ሲያመሰግን ነው። መጋረጃው እዚያ ላይ መውረዱ ለተመልካች ይመቻል፤ ለተቀባዩ ግን አይመችም። ያቺ ሴት በሚቀጥለው ወር በሌላ ሰው ሐዘን ላይ ውኃ ስትቀዳ፣ ስሟም ሲጠራ «አለሁ» ስትል የሚያሳይ ትዕይንት ገና ሊጻፍ ይገባዋል።

በሚመጣው መስከረም ጊፋታ ሲደርስ ዕዳ ሁሉ ይከፈላል፣ ሒሳብ ሁሉ ይዘጋል። በቦዲቲ ከሚገኙት እድሮች አንዱ እንኳ ከዚያ ቀን በፊት ያቺን አንዲት አንቀጽ በደንቡ ላይ ቢያሰፍር፣ ለሃምሳ አንደኛው ሰው የቆየበትን ዕዳ መክፈል ጀመረ ማለት ነው።