የዳልቻው ዕዳ

ለፋሲካ ሦስት በሬ አስሬ ነበር፤ ባሕር ዳር፣ ከቤቴ ጓሮ። በጥር ከሲታ ገዝቶ፣ 90 ቀን ግድም ቀልቦ፣ የ55 ቀኑ ጾም ሲፈታ መሸጥ፤ የደላቢ ስሌት ይኸው ነው። ጭድ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ የሚያቀርብላቸው ከመራዊ ወዲያ የመጣ አንድ ልጅ ነበር፤ የሚያድረውም እዚያው በረት ጥግ ነው።

ሁለቱ ሞሉ። ዳልቻው ግን ሻኛው አልቆም፣ ጎድኑ አልሸፈን አለ። እንደመጣ የትል መድኃኒት ሊሰጠው ሲገባ፣ ምን ሆነና ብዬ ዘልዬው ነበር። (ቆጣቢ ነኝ ባይ ነበርኩ።) ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ቸኮልኩ።

ልጁ አስቀድሞ፣ «ጋሼ፣ እህል ባንዴ አይጣልበት፤ የአባቴን በሬ የገደለው እሱ ነው» ብሎኝ ነበር። የእረኛ ወሬ አድርጌ ተውኩት። ማክሰኞ ማታ እሱ ለስግደት ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ ባትሪ ይዤ ገብቼ ሃያ ኪሎ የሚሆን የተሸረከተ በቆሎ ገንዳው ላይ ዘረገፍኩለት። እንዴት እንደበላ! ደስ አለኝ።

ጠዋት ዳልቻው ወድቋል። ግራ ጎኑ ተነፍቶ ጥርሱን ያፋጫል፤ እበቱ ውሃ ሆኖ ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይሸታል። የእንስሳት ሐኪሙ አስረዳኝ፦ በሬ ጭዱን የሚያብላሉለት በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን ሆዱ ውስጥ አሉ። ጭድ በለመደ ሆድ እህል በድንገት ሲወርድ ቶሎ ይፈላና አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ ተህዋስያኑን ይፈጃል፣ ከደሙም ውሃ ወደ ሆዱ ይስባል። ለዚህ ነው እህል በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ ሁለት ሦስት ሳምንት የሚለማመደው። ልጁ በአንድ ዐረፍተ ነገር የነገረኝ ማለት ነው።

«ማነው ያበላው?» አለ ሐኪሙ። እኔ ወደ ልጁ ዞርኩ። አፌን እንኳ አልከፈትኩም፤ ዓይኔ በቃው። ልጁ መሬት መሬት አየ።

ዳልቻው ከቀትር በኋላ ሞተ። የሁለት ወር ደመወዙን የበሬው ማካካሻ ነው ብዬ ያዝኩበት፤ ዓርብ ስቅለት ዕለት ጨርቁን ጠቅልሎ ሄደ። ማታ የቤቴን መስኮት ልዘጋ ስል ባትሪዬን ደፉ ላይ አገኘሁት። ገንዳው ሥር ረስቼው ነበር። የበቆሎ ዱቄቱ ተጠርጎለታል።

መራዊ ሩቅ አይደለም፤ በሚኒባስ ሁለት ሰዓት አይፈጅም። ደመወዙን በፖስታ አድርጌ ካስቀመጥኩ ይኸው ሁለተኛ ፋሲካዬ ነው። እስካሁን አልሄድኩም።