እግሬና ክንዴ

ሰው ባለው ነገር ሲመካ የጎደለውን ማየት ይሳነዋል። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም፤ በምኖርበት ቤት ደረጃ ላይ፥ የገዛ አባቴን ታቅፌ፥ ሁለት እጆቼ እየተንቀጠቀጡ የተማርሁት ስለ ሆነ ነው። ይህን ስማር ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። እናንተ ወጣቶች ግን ታሪኬን አንብባችሁ በሃያ ዓመታችሁ ብትይዙት፥ እኔ የከፈልሁትን ዋጋ ሳትከፍሉ ታልፉ ይሆናል።

ከልጅነቴ ጀምሮ ሯጭ ነኝ። ሯጭ ስል ስሙ በጋዜጣ የሚወጣ፥ አንገቱ ላይ ሜዳሊያ የሚንጠለጠልለት ማለቴ አይደለም፤ አዲስ አበባ ገና ሳይነጋላት ተነሥተው ጫማቸውን በጨለማ ከሚያስሩት ብዙ ሰዎች አንዱ ነኝ ማለቴ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን እሮጥ ነበር። አንዳንድ ቀን የእንጦጦን አቀበት እወጣለሁ፤ ሌላ ቀን በመስቀል አደባባይ ረጃጅም እርከኖች ላይ ወዲያና ወዲህ እመላለሳለሁ። ሃያ ኪሎ ሜትር ሮጬ፥ ቁርሴን በልቼ ወደ ሥራ መሄድ አይከብደኝም ነበር። በአገራችን ደግሞ ሩጫ እንደ ክብር ይቈጠራል። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜ 5 ቀን በሮማ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ከፈጸመ ወዲህ፥ ማለዳ የሚሮጥ ኢትዮጵያዊ ሁሉ፥ ምንም ቀርፋፋ ቢሆን፥ ከዚያ ክብር ጥቂት የደረሰው ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር።

በምኖርበት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሥር ወጣቶች ተሰብስበው ክብደት ያነሡ ነበር። መሣሪያቸው የተገዛ አልነበረም፤ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ በሲሚንቶ ሞልተው፥ ሁለቱን በአንድ የብረት ቧንቧ አያይዘው የሠሩት ነው። ከእነርሱ የአንዱ ቤት ከእኔ ቤት ፊት ለፊት ነበር። ከሩጫ ስመለስ አየውና «ይህን ሁሉ ጡንቻ ተሸክመህ የት ልትደርስ ነው?» እለው ነበር። ልጁ ጨዋ ስለ ሆነ አይቀየመኝም። አንድ ቀን ግን ፈገግ ብሎ «ጋሼ፥ እኔ የትም አልሄድም፤ እዚሁ ነኝ» አለኝ። እኔም እንደ ቀልድ ሰምቼ አለፍሁ።

ሌላም አይቼ ያላስተዋልሁት ነገር ነበር። እንጦጦ ስወጣ፥ ከተራራው ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ያጋጥሙኝ ነበር። ሸክሙ በወገባቸው ላይ ተጋድሞ መንገዱን ይዘጋል፤ እነርሱም ጎንበስ ብለው፥ በላስቲክ ጫማ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። እኔ ያለ ምንም ሸክም በአጠገባቸው እየሮጥሁ ሳልፍ፥ ብርቱው እኔ እንደ ሆንሁ አስብ ነበር። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

በ2008 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፥ ዝናብ በሚጥልበት አንድ ሌሊት፥ እናቴ ጮኻ ቀሰቀሰችኝ። አባቴ ከመኝታው ሊነሣ ሲል ወድቆ፥ ግራ እጁና ግራ እግሩ አልታዘዝ ብለውት፥ አፉም ወደ አንድ ወገን ተጣሞ አገኘሁት። በአንጎል የደም ሥር ላይ የሚደርስ እንዲህ ያለ አደጋ ጊዜ እንደማይሰጥ ሰምቼ ነበር። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሕንፃው አሳንሰር የለውም። አባቴ ቀጭን ሰው ስለ ነበረ ከስድሳ ኪሎ አይበልጥም። ብድግ አደረግሁትና በሁለት ክንዴ ታቅፌ ደረጃውን መውረድ ጀመርሁ።

ሦስተኛ ፎቅ ሳልደርስ ክንዶቼ ከዱኝ። ትንፋሼ አልተቋረጠም፤ ልቤም አልደከመም፤ እግሮቼም ገና መሄድ ይፈልጉ ነበር። ነገር ግን ጣቶቼ አንድ በአንድ ተከፈቱ፥ ወገቤም እንደ ሸንበቆ ጎበጠ። ከእጄ እንዳይወድቅ ብዬ አባቴን ደረጃው ላይ አስቀመጥሁት። እንደ ገና ላነሣው ሞከርሁ፤ አልቻልሁም። በተሳሰረ አንደበቱ «ተወው ልጄ፥ ይንጋ» አለኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ሃያ ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ልጅ ያሳደገ ሰው፥ ልጁ አንድ ፎቅ እንኳ ሊያወርደው ስላልቻለ፥ ሕመሙን ይዞ ሊያነጋ ተስማማ።

በዚህ መካከል የፊት ለፊቱ ቤት በር ተከፈተ። ልጁ አንድ ጊዜ አየንና «ጋሼ፥ እኔ ልያዛቸው፤ አንተ መኪና ፈልግ» አለኝ። ጉልበቱን አጥፎ፥ ዝቅ ብሎ አባቴን በጀርባው አዘለው። እኔም በዝናቡ ሮጥሁ። እስከ ዋናው መንገድ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ሩጫዬ ያን ሌሊት አልከዳኝም። አንድ ላዳ ታክሲ አግኝቼ ስመለስ፥ ልጁ አባቴን እንዳዘለ በሕንፃው በር ቆሞ ይጠብቀኛል። ደረቱ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ይነፋል፤ ፊቱ በላብ ተጠምቋል። «ሁለት ጊዜ አርፌያለሁ፥ ይቅርታ» አለኝ። ማን ማንን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ተመልከቱ! እርሱ ትንፋሽ አጥሮት፥ እኔ ክንድ አጥሮኝ፥ ሁለታችን ተደምረን አንድ ሙሉ ሰው ወጣን።

አባቴ ከሞት ተረፈ። ነገር ግን ግራ እጁና ግራ እግሩ እንደ ቀድሞው አልሆኑለትም፤ ከአራተኛ ፎቅ በራሱ እግር መውረድም ቀረ።

ከሐኪም ቤት በተመለስን በሁለተኛው ሳምንት ክብደት ማንሣት ጀመርሁ፤ የጀመርሁትም እንደ ሞኝ ነው። ከሩጫዬ አንድ ቀን እንኳ ሳልቀንስ፥ በሳምንት አምስት ቀን ከወጣቶቹ ጋር ሲሚንቶ አነሣ ነበር። በመጀመሪያው ወር በረታሁ፥ ደስም አለኝ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ግን የማነሣው ክብደት በመጨመር ፈንታ ቀነሰ፤ ሩጫው ከበደኝ፤ እንቅልፌ ተረበሸ፤ በትንሽ ነገር የምቆጣ ሆንሁ። እንግዲያስ ሩጫና ጉልበት በአንድ ሰውነት አይስማሙም ማለት ነው ብዬ ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ኋላ ሳነብ ግን ነገሩ ከእኔ በፊት በሌላ ሰው ላይ ደርሶ እንደ ነበር ተረዳሁ። ሮበርት ሂክሰን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ክብደት ማንሣት የሚወድ ጠንካራ ሰው ነበር። ሩጫ ከሚወደው አለቃው ከጆን ሆሎዚ ጋር መሮጥ ቢጀምር ጡንቻው እየሟሸሸ ሄደበት። ምክንያቱን ለማወቅ ሰዎችን በሦስት ክፍል አድርጎ ለ10 ሳምንት አሠራቸው። አንደኞቹ በሳምንት 5 ቀን ክብደት አነሡ፤ ሁለተኞቹ በሳምንት 6 ቀን የትንፋሽ ልምምድ ሠሩ፤ ሦስተኞቹ ሁለቱንም አንድ ላይ ያዙ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1980 ታተመ። ሁለቱንም የያዙት እስከ ሰባተኛው ሳምንት ገደማ እየበረቱ ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ ብርታታቸው ባለበት ቆመ፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ደግሞ ወረደ። ትንፋሻቸው ግን ከሁለተኞቹ አላነሰም።

ይህን ሳነብ የራሴን ሁለት ወር ሌላ ሰው የጻፈልኝ መሰለኝ። እኔ እንደ ተረዳሁት ግን ነገሩ ሩጫና ጉልበት ጠላቶች መሆናቸውን አያሳይም፤ በሳምንት አሥራ አንድ ጊዜ የሚሠራ ሰውነት ለመጠገን ፋታ እንደሚያጣ ነው የሚያሳየው። ሂክሰን ራሱ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ሌላ ጥናት፥ ሩጫና ብስክሌት የለመዱ ሰዎች በሳምንት 3 ቀን ብቻ የእግር ማጠንከሪያ ቢጨምሩ፥ በብስክሌት ላይ እስኪዝሉ ድረስ የሚቆዩበት ጊዜ ከ71 ደቂቃ ወደ 85 ደቂቃ ከፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በኖርዌይ ሯጮች ለ8 ሳምንት፥ በሳምንት 3 ቀን፥ ከባድ ክብደት ትከሻቸው ላይ አድርገው ጉልበታቸውን እያጠፉ ቢነሡ፥ በአንድ ፍጥነት ለመሮጥ የሚያወጡት ኃይል በ5 በመቶ ያህል ቀነሰላቸው፤ የሰውነታቸውም ክብደት አልጨመረም። እኔ ያን ልጅ ስዘብትበት የነበረው ጡንቻ ሯጭን ያከብደዋል ብዬ ነበርና፥ ይህን የመጨረሻውን ነገር ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ደግሞስ ሯጭ እግሩ መሬት በነካ ቁጥር ከራሱ ክብደት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የሚሆን ኃይል ይቀበላል፤ ያን ሁሉ የሚሸከምለት ጡንቻው አይደለምን?

አበበ ቢቂላንም ቢሆን ያወቅሁት በግማሽ ነበር። ባዶ እግሩን አውቅ ነበር፤ ሣሩን ግን አላየሁም ነበር። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፥ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ገና ጥቂት ሳምንት ብቻ ሆኖት፥ ሩጫውን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ፥ በስታዲየሙ ሣር ላይ ወርዶ ሰውነቱን በጂምናስቲክ ሲያፍታታ ሕዝቡ በመደነቅ ተመለከተው። በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላም፥ በ1962 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራ ተሳትፏል። እግር ሲቀር ክንድ ነበረው። ይህን ለአባቴ ስነግረው ቀኝ እጁን አንሥቶ ተመለከተና ዝም አለ።

እንግዲህ አካሄዴን ቀየርሁ። ሩጫዬን ወደ አራት ቀን ዝቅ አደረግሁ፤ ማክሰኞና ዓርብን ለክንድና ለወገብ ሰጠሁ፤ እሑድን ለዕረፍት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፥ በዚያም ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ እንዲሠራ መክሯል፤ ስለዚህ ሁለት ቀን ጥቂት ነው ብላችሁ አትናቁት። መሣሪያዬ ጀሪካን ነበር። ውሃ በየጊዜው ስለሚጠፋብን መቅዳት አይቀርልኝም፤ ባለ ሃያ ሊትሩን በመጀመሪያ በግማሹ እየሞላሁ፥ በሁለቱም እጄ አንዳንድ ይዤ አራቱን ፎቅ እወጣ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሊትር እጨምራለሁ። የውሃ ጀሪካን መልካምነቱ አያታልልም፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። ከዚህ ሌላ መሬት ላይ ተደፍቶ በክንድ መነሣት፥ ቁጢጥ ብሎ መነሣት፥ በብረት ላይ መንጠልጠል ነበር፤ ይህን ሁሉ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ልጁ አንድ ነገር አጥብቆ አስተማረኝ፤ ከመሬት ዕቃ ሲነሣ ወገብ ሳይሆን ጉልበት እንዲታጠፍ፥ ጀርባ ቀጥ እንዲል፥ ሸክሙም ወደ ደረት እንዲጠጋ። ያን ሌሊት አባቴን ያነሣሁት ይህን ሁሉ አፍርሼ ነበር። እኔም በበኩሌ ማለዳ ይዤው መውጣት ጀመርሁ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ ቆመብኝ፤ የሮጠው እንደ ተባረረ ሌባ ነበርና። እየሮጠ መጨዋወት ካልቻለ ፈጥኗል ማለት መሆኑን ነገርሁት። ከዚያ በኋላ እየተጨዋወትን ሮጥን፤ ብዙ ሳይቆይ የሚያወራው እርሱ ብቻ ሆነ።

በዘጠነኛው ወር፥ በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፥ አባቴን በጀርባዬ አዝዬ ወደ ግቢው ፀሐይ አወረድሁት። ልጁ እወድቅ እንደ ሆነ ብሎ ከፊቴ ወደ ኋላ እየሄደ ይወርድ ነበር። በየፎቁ ቆሜ አረፍሁ። አባቴ በጆሮዬ «እኔ አንተን ሳዝል እንዲህ አላለከለክሁም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ማውረዱ ልማዳችን ሆነ፤ ዕረፍት ባልሁት ቀን መሆኑ ነው እንግዲህ።

ከወራት በኋላ፥ አንድ እሑድ፥ አንድም ጊዜ ሳልቆም እስከ ታች ወረድሁ። አባቴን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ፥ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ «አባባ፥ ዛሬ እኮ አንድም ጊዜ አላረፍሁም» አልሁት።

የአባቴ ፊት አልፈካም። «አይቻለሁ» አለ። «ምን አስቸኰለህ? በየፎቁ ስንቆም ሰዎቹ በራቸውን ከፍተው ሰላም ይሉኝ ነበር።»

በሚቀጥለው እሑድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆምሁ። የቤቱ እመቤት ወጣች። አባቴ ከጀርባዬ ላይ ሆኖ ስለ ልጆቿ ጤና፥ ስለ ጤፍ ዋጋ፥ አገር ቤት ስለ ዘነበው ዝናብ አንድ በአንድ ሲጠይቃት፥ ጨዋታቸው እስኪያልቅ ድረስ እንዳዘልሁት ቆሜ ጠበቅሁ።